የነፋስ ተራ

ፒያሳ፣ አዲስ አበባ
ሰኔ 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለልጄ ለምብራት ካሕሳይ፣ ካለችበት ብርድ ድረስ፤

ጓለይ፣ በልተሻል? የመሠረተ ትምህርት አስተማሪያችን ደብዳቤ የሚጀመረው በከበረ ሰላምታ ነው ብላ ነበር ያስተማረችን። እኔ ግን ሰላምታው ይቆየኝና በልተሻል ወይ ልበልሽ። ባለፈው በላክሽው ፎቶግራፍ ላይ አንገት ብቻ ቀርተሻል። ያን ሁሉ ጎመን በሚበላ አገር ሰው እንዴት እንዲህ ይከሳል? ኮቱ ያምራል፤ ውስጡ ያለችው ልጅ ግን አላማረችኝም።

ይህን ደብዳቤ የሰጠሽ ልጅ ዘይኑዲን ይባላል። የጎረቤታችን የከዲጃ ልጅ ነው፣ እዚያው ኦዴሳ ሊማር መምጣቱ ነው። ከዲጃን አታውቂያትም። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ቀበሌ የእነ አልጋነሽን ክፍል ሰጥቷት የገባች፣ አትክልት ተራ ቲማቲምና ሽንኩርት የምታከፋፍል ሴት ናት። አፏ አያርፍም፣ ልቧ ግን ንጹሕ ነው። ልጇን እንደ ወንድምሽ ተቀበይው። ደብዳቤው በሰው እጅ ስለሚመጣ ሳልፈራ ነው የምጽፈው። በፖስታ ቢሆን ኖሮ «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ አበቃ ነበር።

ደህናስ ደህና ነን። ግን መብራህቱ ብስክሌት ውድድር ገባ።

አውቅሻለሁ፣ ይህን ስታነቢ ከተቀመጥሽበት ተነስተሻል። ተቀመጪ። ወንድምሽ በሕይወት አለ፤ አሁንም አጠገቤ ሆኖ የክርኑን ቅርፊት እየላጠ ዳቦ ይበላል። ተው ብለው የማይሰማ ሆኗል። ሁሉንም ከሥሩ እነግርሻለሁ።

የአባትሽን ሰማያዊ ብስክሌት መቼም አትረሻትም። ካሕሳይ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በጎረምሳነቱ አስመራ ላይ የተወዳደረባት ናት። ወደዚህ ስንመጣ እኔን ከሾፌሩ ጎን እሷን ከጭነቱ ላይ አድርጎ፣ «ሁለታችሁም ብትወድቁ መጀመሪያ ማንን እንደማነሳ እግዜር ነው የሚያውቀው» እያለ መንገዱን ሙሉ ሲያናድደኝ መጣ። እሱ ሲሞት ለበኩሬ ለገብረአብ ደረሰች። ገብረአብን ከወሰዱት ወዲህ ደግሞ ጓዳ ግድግዳው ላይ ሰቅዬ በነጠላዬ ሸፍኛት ኖረች። ሽጪያት ያላለኝ ሰው የለም። ባለቤቱ መጥቶ የት አደረግሻት ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? ሬሳ አላሳዩኝም፣ መቃብር አላሳዩኝም። ያን ጊዜ ለቅሶ መቀመጥ ክልክል ነበር፤ ኋላ ሲፈቀድ ደግሞ እኔው እምቢ አልኩ። ያላየሁትን ሞት አላለቅስም አልኩ። አንቺም እንባሽን እያፈሰስሽ ስትለምኚኝ «ልጄ አልሞተም» ብዬ ነው አፍሽን ያስያዝኩሽ።

ዘንድሮ ከገና በኋላ ከቀበሌው በላይ ያለው የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የብስክሌት ቡድን አቋቋመ። መብራህቱ የሚሠራበት ኬክ ቤት ማኪያቶ ይዘው የአስመራን ውድድር ሲያወሩ የሚውሉ ሽማግሌዎች አሉ። እነሱ ናቸው ነገር የጫሩት። «የካሕሳይ ልጅ ሆነህ ባንኮኒ ስትወለውል ልታረጅ ነው?» አሉት። እሱ ደግሞ የሰው ነገር ቶሎ ይገባዋል፣ ቶሎ አይወጣለትም። ቤት መጥቶ በእጁ እንጀራውን እያገላበጠ ቆየና፣

«አደይ፣ ብስክሌቷን ላውርዳት?» አለኝ።

«አታወርዳትም።»

«የአባቴም እኮ ናት።»

«የወንድምህ ናት። ሲመጣ ጠይቀው።»

አንገቱን ደፋ። ከዚያ በቀስታ፣ «ጠይቄዋለሁ» አለኝ።

እኔ የአራዳ ልጅ ምላሱ ነው ብዬ ተቆጣሁት። በማግስቱ ከስፌት ቤት ስመለስ ነጠላው ታጥፎ አልጋዬ ላይ ተቀምጧል፤ ብስክሌቷ ወለሉ ላይ ተገልብጣለች። ጎማዎቹ ተሰነጣጥቀዋል፣ ውስጡ ያለው ካላማዳሪያ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይፈረፈራል፣ ብረቱ ዝጓል። ካቴናው ብቻ ዘይት ጠግቦ ያብረቀርቃል። መብራህቱ ካቴናውን በጣቱ ነክቶ ዘይቱን አሳየኝ።

«ማን ነው ዘይት የሚቀባው?»

«እኔ ነኛ። ማን ሊሆን ኖሯል?» አልኩት።

እንዳይደነግጥ ብዬ ነው እንጂ ያቺን ካቴና ነክቼ አላውቅም። ስሙን ራሱ አልወደውም። ብስክሌት ላይ ያለውም እጅ ላይ የሚገባውም ካቴና ነው የሚባለው።

እንግዲህ የብስክሌት ውድድር ምን ያስከፍላል ካልሽኝ፣ መጀመሪያ ጾም ያስከፍላል። ወንድምሽ ዓቢይ ጾም ላይ እንቁላል ሲበላ ያዝኩት፤ «ጉልበቴ ጾመኛ አይደለም» አለኝ፣ ይታይሽ። ከቀበሌ ሱቅ ለሁለታችን የሚሰጠንን ስኳር ብቻውን ይልሰዋል። ጎማው ከአስመራ በሾፌር እጅ እስኪመጣ ድረስ ቤታችን ውስጥ የሰው ወሬ አልተወራም፣ የጎማ ወሬ ብቻ። ቀን ኬክ ቤቱ ባንኮኒ ላይ እንቅልፍ ይወስደውና አለቃው በማንኪያ ይቀሰቅሰዋል። ያቺ ዶሮ ማነቂያ የምትኖረው የሺዓለም፣ ጥሩ ልጅ፣ «ከብረት ጋር አልሻማም» ብላ ተወችው። ለቁምጣው ጨርቅ ስላጣሁ ያንቺን የትምህርት ቤት ቀሚስ ተርትሬ ሰፋሁለት። ብትቆጪም ተቆጪ፤ እዚያ ብርድ ውስጥ ቀሚሱ ምን ያደርግልሻል?

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያስፈራኝ ሌላው ክፍያ ነው።

ይህ እንዲገባሽ አባታችሁ ለወንዶቹ ያስተማራቸውን ሥርዓት ማወቅ አለብሽ፤ አንቺን ሴት ናት ብለው አላስገቡሽም እንጂ ከሁለቱም ትበልጫቸው ነበር። ተወዳዳሪዎች አንዱ ካንዱ ኋላ ተጠጋግተው ነው የሚሄዱት። ፊተኛው ነፋሱን ይሰብራል፤ ኋለኛው በሱ ተከልሎ ያርፋል። ፊተኛው ሲደክመው ዞሮ አያይም፤ ከኋላው ያለውን በስሙ አንዴ ይጠራዋል። የተጠራው «አቤት!» ይልና ቀድሞ ይወጣል፣ ነፋሱን ይቀበላል። ካሕሳይ «አቤት ካልክ ተራው ያንተ ነው» ይል ነበር። «የደከመ ሰው ጠርቶህ ዝም ካልክ ደግሞ ብስክሌትህን ሸጠህ አህያ ግዛ።» ገብረአብ ትንሹን ወንድሙን ከኋላው አስከትሎ ጊዮርጊስን ሲዞር፣ «መብራህቱ!» «አቤት!» ሲባባሉ እስከ በረንዳችን ይሰማኝ ነበር። መብራህቱ ያኔ እግሩ ፔዳሉ ላይ በቅጡ አይደርስም፤ አቤት ማለቱን ግን ይወድ ነበር።

አሁን የሆነውን ልንገርሽ። መብራህቱ ከገብረአብ ያጥራል፣ ስለዚህ የብስክሌቷን ኮርቻ ዝቅ አድርጎ አሰረው። ሲነጋ ኮርቻው ከፍ ብሏል። እኔ የነካካሁት መስሎት ተነጫነጨ። ደግሞ ዝቅ አደረገው፣ በሽቦም ጠመጠመው። ሲነጋ ኮርቻው ገብረአብ ይቀመጥበት የነበረው ቁመት ላይ ነው። ሽቦው ተጠቅልሎ ጥጉ ላይ ተቀምጧል። ገብረአብ ቀበቶውን እንዴት እንደሚጠቀልል ታስታውሻለሽ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ ሰክቶ። ሽቦውም እንደዚያ ነው።

መብራህቱ ከዚያ በኋላ ዝቅ ማድረጉን ተወው። ጥቂት ሰንበት አለና እግሩ ይደርስ ጀመር። ልጁ አድጎ ነው ትይኝ ይሆናል። እኔ ሱሪ የምሰፋ ሴት ነኝ፤ ሱሪው አላጠረም።

ከዲጃ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ነው ወደ አትክልት ተራ የምትወርደው። መብራህቱም ልምምድ የሚወጣው ያኔ ነው። አንድ ቀን የተጨፈለቀ ቲማቲም ለወጥ ይሆንሻል ብላ ይዛልኝ መጣችና፣

«እትዬ ለተ፣ ልጆችሽ ሲያምሩ ወላሂ! እንደ ወፍ ነው እኮ የሚያልፉኝ» አለችኝ።

«ልጄ አንድ ነው፣ ከዲጃ።»

«ኧረ ተይ! ሁለት ናቸው። ፊተኛው ረዘም ያለው፣ ቡናማ ሹራብ የሚለብሰው፣ አንገቱን ወደ ግራ ሰበር የሚያደርገው። ሰላም ስለው አይመልስልኝም እንጂ። ኩራተኛ ነው አይደል?»

ቲማቲሙን ተቀበልኳት። እጄ ውስጥ ፈሰሰ። ከዲጃ ገብረአብን አታውቀውም፤ ስሙንም አልነገርኳትም። ቡናማውን ሹራብ የሰራሁለት እኔ ነኝ፤ እሱን ለብሶ ነው የወሰዱት። «የቡድኑ ልጅ ነው» አልኳትና ወደ ጓዳ ገባሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መብራህቱን ፊት ለፊቴ አስቀመጥኩት።

«ማለዳ ከፊትህ የሚሄደው ማን ነው?»

አልደነገጠም። እንዲያውም ፊቱ በራ። «አንቺም አየሽው?»

«ከዲጃ ናት ያየችው።»

«እሰይ» አለ፣ «ያበድኩ መስሎኝ ነበር።» ከዚያ እንደ ልጅነቱ ጉልበቴ ላይ ራሱን አድርጎ ነገረኝ። ከጊዮርጊስ ወደ ቸርችል ሲታጠፍ ከፊቱ ያገኘዋል። ጀርባውን ብቻ ነው የሚያየው። ሊደርስበት ሲጠጋ እሱም ይፈጥናል። «ከኋላው ስሆን ነፋስ የሚባል ነገር የለም አደይ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ፍሬን አይዝም። እሱ ካልያዘ እኔም አልይዝም። ምንም አይደክመኝም፣ ምንም አልፈራም።»

«ያናግርሃል?»

«ይጠራኛል። በስሜ፣ አንዴ።»

«አቤት አልከው?»

«እስካሁን አላልኩትም፤ ብቁ አልነበርኩም። ግን ደክሞታል አደይ፤ ድምፁ ላይ ያስታውቃል። የውድድሩ ዕለት አቤት እለዋለሁ። ተራው የኔ ነው።»

አያትሽ ሙት ጠርቷችሁ አቤት እንዳትሉ፣ አቤት ያለ ሰው ተከትሎ ነው የሚሄደው ስትል ነው ያሳደገችን። በሕልም እንኳ ቢሆን ዝም በሉ ትለን ነበር። ይህንኑ ነገርኩት። ቀና ብሎ አየኝ።

«ሞቷል አላልሽም እኮ። ይኸን ሁሉ ዓመት አልሞተም ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ካልሞተ አቤት ብለው ምን አለበት?»

የገዛ ቃሌን ነው የመለሰልኝ። ተነስቼ ምሳውን አቀረብኩለት፣ ልጄ።

እዚህ ላይ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ገብረአብን በቀይ ሽብሩ ጊዜ ሲወስዱት አንቺና መብራህቱ ኮልፌ አክስታችሁ ቤት ነበራችሁ። ወሰዱት አልኳችሁ እንጂ እንዴት እንደወሰዱት አልተናገርኩም። አብዮት ጠባቂዎቹ ሲመጡ ከኮርኒሱ በላይ ተደብቆ ነበር። ቤቱን በረበሩት፣ ዱቄቱን ሳይቀር ዘረገፉት። ደብረ ዘይት ሄዷል ብዬ በሚካኤል ማልኩ። አመኑኝ። ሲወጡ በመስኮት አይቻቸዋለሁ፣ በሩም ተዘጋ። እግዜር ይመስገን ብዬ ቁጭ አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ከአጥሩ ውጪ አንድ ድምፅ «ገብረአብ!» አለ። እሸቴ ነበር፤ አብሮት የሚወዳደረው፣ ቤታችን ሲመጣ ሦስት እንጀራ የሚበላው ያ ቀጭኑ እሸቴ። የጠራው ዳገት መሐል እንደደከመ ሰው ነው፣ ትንፋሹ ተቆርጦ፣ አንዴ ብቻ።

ገብረአብ ከኮርኒሱ ላይ «አቤት! መጣሁ!» አለ።

አልወቅሰውም። አፉ ነው የመለሰው። ሌላ ሰው ቢጠራው ዝም ይል ነበር፤ እኔም ብጠራው ዝም ይል ነበር። የደከመ ጓደኛ ሲጠራ ግን አባቱ እንዳስተማረው ነው የሚመልሰው። ሲወርድ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁት። እሸቴ መሐላቸው ነው፣ እጁ በካቴና ታስሯል፣ ፊቱ አብጦ አይኑ አይታይም። እሱንም አልወቅሰውም። እሱም አልተመለሰም። ገብረአብ አልፎኝ ሲሄድ «ቶሎ እመጣለሁ አደይ» አለኝ፣ ለሱቅ እንደተላከ ልጅ።

ስለዚህ መብራህቱ «አቤት እለዋለሁ» ሲለኝ ምን እንደተሰማኝ አንቺው ገምቺ። ብዙ ነገር ሞከርኩ። ቄስ ወልደጊዮርጊስን ጠበል አስመጥቼ ብስክሌቷ ላይ አስረጨሁ፤ ወንድምሽ «ትዝጋለች!» ብሎ በጨርቅ እየተሯሯጠ ወለወላት፣ ቄሱም ተቀየሙ። ለመንኩት፣ አለቀስኩበት፣ ተቆጣሁት። «አንድ ውድድር ብቻ» አለኝ። አባትሽም እንደዚያ ይል ነበር።

ውድድሩ ግንቦት መጨረሻ ላይ እሑድ ቀን ነበር። ከጊዮርጊስ ተነስተው ቸርችልን ይወርዱና ለገሃርን ዞረው ይመለሳሉ፣ እንደገና ይወርዳሉ። እኔ ከማዘጋጃ ቤቱ ዝቅ ብሎ ቁልቁለቱ የሚጠናበት ቦታ ላይ ቆምኩ። ከዲጃም አብራኝ ነበረች፣ ሥራዋን ትታ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ልጆቹ ተጠጋግተው አለፉ፣ መብራህቱ መሐል ነበር፣ ደስ አለኝ። በመጨረሻው ዙር ግን ብቻውን ወጥቶ መጣ። ሰዉ ጮኸ፣ ከዲጃ እልል አለች።

እኔ አልጮህኩም። ወንድምሽ ከፊቱ ማንም የለም፤ አቀማመጡ ግን ነፋስ የሚሰብር ሰው አቀማመጥ አይደለም። ዘና ብሎ፣ አይኑን አንድ ሜትር ከፊቱ ተክሎ፣ ሰው እንደከለለው ነበር የሚመጣው። ከሱ በፊት ደግሞ ሌላ ድምፅ መጣ። ብስክሌት ሳይረገጥ ቁልቁለት ሲወርድ የኋላ ጎማው ጠ ጠ ጠ የሚለውን ታውቂዋለሽ። ያ ድምፅ ባዶውን አስፋልት ይዞ በፊቴ አለፈ። መሬት የወደቀች የጋዜጣ ቁራጭ ብድግ አለችና ተመልሳ ወደቀች።

ከዚያ ጠራው። «መብራህቱ!»

የልጄ ድምፅ ነው ምብራት። አልተሳሳትኩም። እናት ትሳሳታለች? መንገድ ሙሉ ሰው ቆሞ ማንም አልሰማውም። ከታች በኩል ከጎን መንገድ አንድ የጭነት መኪና አፍንጫውን አወጣ፤ ማን እንደፈቀደለት አላውቅም። መብራህቱ መኪናውን አላየውም። አፉን ሲከፍት አየሁት። «አ» ሊል ነው።

«አቤት!» አልኩ።

በዕድሜዬ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም፤ ሦስታችሁን ስወልድም አልጮህኩም። መብራህቱ ወደኔ ዞረ። ሲዞር መኪናውን አየው፣ ፍሬኑን በሁለት እጁ ጨመደደው። ብስክሌቷ ተጋድማ ተንሸራተተች፣ እሱም አብሯት፤ የመኪናው ጎማ ሥር ደርሶ ቆመ። እኔ እዚያው እንደቆምኩ ነጠላዬ ከትከሻዬ ላይ ተነሳ። ፊት ለፊት የሚመጣ ነፋስ ደረቴ ላይ ገባ፤ ቀዝቃዛ ነው፣ የሐምሌ ንጋት ዓይነት። የከዲጃ ሻሽ ግን አልተነቃነቀም። ያን ጊዜ ተራው ለማን እንደደረሰ ገባኝ።

ሮጬ ስደርስ ክርኑ ተልጦ መንገዱ ላይ ተቀምጧል።

«ማን ጠርቶሽ ነው አቤት ያልሽው?» አለኝ።

«አንተን አይደለም የጠራው» አልኩት። «ዝም በል፣ ተነስ።»

ከዚያ ወዲህ መብራህቱ አልሰማውም፣ አላየውም። የታጠፈውን ጎማ አቃንቶ ጀምሯል፤ ተው አላልኩትም፣ የአባቱ ነገር ነው። አሁን ግን እንደ ሰው ነው የሚጋልበው። ከኋላ ተሰልፎ ይመጣና «ነፋሱ ገደለኝ አደይ» እያለ ያማርራል፤ እኔ ደስታዬን እንዳያይብኝ ዞር ብዬ እስቃለሁ። ኮርቻውን ዝቅ አድርጎ ያስረዋል፣ ሲነጋም እዚያው ነው። የሺዓለምም ሰሞኑን ክርኑን ልይ ብላ ትመላለሳለች፤ እንግዲህ ለክርን ከሆነ ቶሎ ቶሎ ነው የምትመጣው።

እኔም ለቅሶ ተቀመጥኩ። የገብረአብን ስመ ክርስትና ለቄስ ወልደጊዮርጊስ ሰጠሁ፣ ፍትሐቱ ተደረገ፣ ዕድርተኛው ድንኳን ተከለ። ልጄ ሞቷል አልኩ፤ በአፌ። ከዲጃ የሰዉን ምግብ ስትሠራ ሰነበተች፤ ነገሩ ሲገባት ከኔ ብሳ አለቀሰች። አንቺም ጥቁር ልበሺና አልቅሺለት፣ ከእንግዲህ ተፈቅዶልሻል።

የስፌት መኪናዬ ያንቺ ነው። መብራህቱ እንዳይሸጠው፣ ለጎማ ሲል እናቱንም ይሸጣል። ከላይኛው ቀዳዳ ዘይት ጠብ እያደረግሽ በወር አንዴ ንጂው። የሳጥኑን ቁልፍ በዘይኑዲን ልኬልሻለሁ፤ ጥቁሩ ጥልፍ ቀሚሴ ከሥር ነው፣ ወገቡን አጥብበሽ ልበሺው። ደግሞ ምንም ወሬ ብትሰሚ ፈተናሽን ሳትጨርሺ እንዳትመጪ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ አንቺ ስትደርሺ ነገር ሁሉ ያለቀ ይሆናል። መብራህቱን የሚያይ አለ፤ ከዲጃም አለች፣ ክርን የምታየውም አለች።

ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር፣ ለደንቡ ያህል። ከአትክልት ተራ ወደ ቤት ስወጣ ሁለቴ እያረፍኩ ስለሆነ ነው። ሐኪሙ ደረቴን አዳመጠና ዞር ብሎ ብዕሩን ፈለገ፤ ብዕሩ እጁ ላይ ነበር። እኔ ራሴ ነገርኩት። ደረቴ ውስጥ ጠ ጠ ጠ የሚል ነገር አለ፣ ሳይረገጥ የሚወርድ ብስክሌት ነው አልኩት። ወጣት ሐኪም ነው፣ ሳቀልኝ።

አትፍሪልኝ ጓለይ። እኔ አልፈራሁም። መጀመሪያ ፈርቼ ነበር፣ የሚጠራው ሊወስድ መስሎኝ። ኋላ ግን የድምፁን ነገር ሳስበው ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ደክሞት ነው። ይኸን ሁሉ ዘመን ለቅሶ የሌለው፣ መቃብር የሌለው ልጅ ብቻውን ከፊት ሆኖ ነፋስ ሲሰብር ኖሯል። ሲደክመው ሥርዓቱን ጠብቆ የኋላውን ጠራ። ወንድሙ ገና ነው፤ እኔ ግን እናቱ ነኝ። ትንሽ ከኋላዬ ይረፍ።

ሚካኤል በክንፉ ይከልልሽ። ነፋስ በፊትሽ ሲመጣ የሚጋርድሽ ሰው አይታጣ፣ ላንቺም ከኋላሽ የሚያርፍ ልጅ ይስጥሽ። ትምህርትሽን ጨርሰሽ በእልልታ የምትገቢበት ቤት አይዘጋ። የደከመ ሰው ሲጠራሽ አቤት በይ፣ አልከለክልሽም፤ አባትሽም አይከለክልሽም። ብቻ የማን ድምፅ እንደሆነ አስቀድመሽ ስሚ። ደግሞ ብዪ።

ወረቀቱ አለቀ። ከበሩ ውጪ እየጠራኝ ነው፣ «አደይ» እያለ። መብራህቱ አጠገቤ ተቀምጦ ዳቦውን ይበላል፤ ምንም አልሰማም። ተመስገን።

እናትሽ፣
ለተሚካኤል